ረጅም ልጅ ላላችሁ

ከሁለት ሳምንት በፊት ከጋይንት በኩል አንድ አያት ስልክ ደወሉልኝ። “ሲስተር፣ በጋዜጣው ላይ ስለ ልጆች ጤና የሚጽፉት እርስዎ ነዎት?” ብለው ካረጋገጡ በኋላ ጉዳያቸውን አወጡት። የልጃቸው ልጅ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ደብረ ታቦር ቤት ተከራይቶ ይማራል። በአንድ ዓመት ውስጥ ሱሪ ሁለት ጊዜ አጥሮበታል፤ አሁን በር ሲገባ ጎንበስ ይላል። ትምህርት ቤት ውስጥ ቅርጫት ኳስ ይጫወታል። አንድ ሰው ሲጫወት አይቶት “ውጭ አገር ቡድን አስገባሃለሁ፣ ለጉዳይ ማስፈጸሚያ ግን መቶ ሃምሳ ሺህ ብር አምጣ” ብሎታል። ልጁ ትምህርቱን ጥሎ ለመሄድ ቆርጧል። አያትየው ያላቸው ሁለት በሬና አንዲት ጊደር ነው። “ለመሆኑ ኳስ ቅርጫት ውስጥ መክተት ሥራ ነው? እንጀራስ ይሆናል?” ሲሉ ጠየቁኝ።

ያን ዕለት በስልክ ያልኳቸውን ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልጽፈው። በሬ ለመሸጥ የሚያስቡት እሳቸው ብቻ ይሆናሉ ብዬ አላምንም።

አዎ፣ ሥራ ነው። ጨዋታውን በ1891 የጀመረው ጄምስ ናይስሚዝ የሚባል መምህር ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። ያስተምር የነበረው እኛ ወወክማ ብለን በምናውቀው ማኅበር ማሠልጠኛ ሲሆን፣ ተማሪዎቹ በክረምት ቤት ውስጥ የሚጫወቱት ነገር ቢያጣ የፍራፍሬ ቅርጫት ግድግዳ ላይ ሰቀለላቸው። ያ ቅርጫት ዛሬ በብዙ አገር ደመወዝ የሚከፈልበት ሙያ ሆኗል። በእኛ አገርም ፌዴሬሽን አለ፣ የክለቦች ውድድር አለ፤ ገንዘቡ ግን ከእግር ኳሱ ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ ልጆቻችን “ፕሮፌሽናል” ሲሉ የሚያስቡት ውጭ አገር ነው፤ ውጭ አገር ሲሉ ደግሞ ኤንቢኤ የተባለውን የአሜሪካ ሊግ ነው።

መንገዱ ምን እንደሚመስል ለማየት ከእኛው አገር ከወጣ ቤተሰብ የተወለደ አንድ ሰው ልንገራችሁ። ስሙ ኑኒ ኦሞት ይባላል። ኦሞት የሚለውን ስም ጋምቤላ የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እናቱ በእርስ በርስ ጦርነቱ ምክንያት ከኢትዮጵያ ሸሽታ ኬንያ ገባች፤ እሱም በ1994 እዚያው ኬንያ በስደት ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ ሚኒሶታ ወደምትባለው የአሜሪካ ግዛት ተወሰደ። ሚኒሶታ ብርዷ ከጉና ተራራ የባሰ ነው ይላሉ፤ ጉና ላይ ያደረ ሰው ግን በቀላሉ አያምንም።

ይህ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ሲጨርስ ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች በሩ ላይ አልተሰለፉም። መጀመሪያ ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ ወዳለ አነስተኛ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ከዚያ ወጥቶ አዮዋ ግዛት ውስጥ ኢንዲያን ሂልስ የሚባል የሁለት ዓመት ኮሌጅ ሄደ፤ በእኛ ሚዛን ከመሰናዶ ወርዶ ቴክኒክና ሙያ እንደመግባት ቁጠሩት። እዚያ ተምሮ፣ ተጫውቶ፣ በ2016 ስሙ የገነነውን ቤይለር ዩኒቨርሲቲን ተቀላቀለ። ሁለት ዓመት ተጫወተ። በ2018 ሲጨርስ የኤንቢኤ ቡድኖች በየዓመቱ እንደሚያደርጉት ስልሳ ወጣቶችን መረጡ፤ የኦሞት ስም ግን አልተጠራም።

ብዙ ልጅ እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል። እሱ ሻንጣውን ይዞ አውሮፓ ሄደ፤ ከኤንቢኤ በታች ባለው የአሜሪካ ሊግም ተጫወተ፤ ከአገር አገር ዞረ። እንዲህ ያለው ውል ብዙውን ጊዜ የአንድ ዓመት ነው፤ ጉልበትህ ከተጎዳ ሁለተኛ ላይመጣ ይችላል። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ2023፣ የግብፁ አል አህሊ ኪጋሊ ላይ የሴኔጋሉን ቡድን አሸንፎ የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ ዋንጫን ሲወስድ የውድድሩ ኮከብ ተብሎ የተሸለመው ኦሞት ነበር። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ለደቡብ ሱዳን ተሰልፎ ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ ተጫወተ። ያ ቡድን ፖርቶ ሪኮን 90 ለ79 አሸነፈ፤ ከዚያ በፊትም ለንደን ላይ በተደረገ የአቋም መለኪያ ጨዋታ አሜሪካንን አስጨንቆ በአንድ ነጥብ ብቻ፣ 101 ለ100 ተሸንፏል። አገሪቱ ነፃነቷን ያገኘችው በ2011 ነው፤ ብዙዎቹ ተጫዋቾች በስደት ያደጉ ናቸው። ፌዴሬሽኑን የሚመራው ሉዎል ዴንግ ራሱ በልጅነቱ ስደተኛ ሆኖ ግብፅ የኖረ፣ በኋላም በኤንቢኤ ረጅም ዘመን የተጫወተ ሰው ነው፤ ለቡድኑ ከገዛ ኪሱ እያወጣ እንደረዳ ይታወቃል።

የኦሞትን ታሪክ ያስረዘምኩት ሆን ብዬ ነው። ልጆቻችን ስልካቸው ላይ የሚያዩት የሌላውን ዓይነት ነው። ለምሳሌ ካማን ማሉዋች አለ። ደቡብ ሱዳን ተወልዶ ዑጋንዳ ያደገ ነው፤ ኳስ የጀመረው በአሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። ኤንቢኤ ሴኔጋል ውስጥ ባቋቋመው አካዳሚ ተማረ፣ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ ተሰለፈ፣ አንድ ዓመት ዱክ ዩኒቨርሲቲ ቆየ፣ በ2025 ኤንቢኤ ሲመርጥ አሥረኛ ሆኖ ተጠራ። እውነት ነው፣ ሆኗል። ግን ይህ ልጅ ቁመቱ 2 ሜትር ከ18 ነው። እንዲህ ያለ ሰው በአንድ ወረዳ ቀርቶ በአንድ አገርም ብዙ አይገኝም።

ቁጥሩን ላስላላችሁ። ኤንቢኤ ውስጥ 30 ቡድኖች አሉ። እያንዳንዱ 15 ቋሚ ተጫዋች ይይዛል፤ ሦስት ደግሞ ወደ ታችኛው ሊግ የሚመላለሱ። በድምሩ ከዓለም ሁሉ 540 ሰው ነው። አንድ መካከለኛ ትምህርት ቤታችን ውስጥ ከዚህ የበለጠ ተማሪ አለ። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ከሚጫወቱትና ለምርጫው ከሚደርሱት ወንዶች መካከል እንኳ የሚመረጠው ከመቶ አንድ ገደማ ነው። የገባውም በአማካይ የሚቆየው አራት አምስት ዓመት ነው። መምህር ወይም ነርስ በሠላሳ አምስት ዓመቱ ሥራውን ገና መልመዱ ነው፤ ኳስ ተጫዋች ጡረታ ይወጣል። እኔ ጡረታ የወጣሁት በስልሳ ነው፤ ያም ቢሆን ቶሎ ነው ብዬ አጉረምርሜያለሁ።

ወደ መቶ ሃምሳ ሺህ ብሩ ልምጣ። ለአያትየው ያልኳቸው ይህንን ነው፦ አባቴ፣ ክለብ ተጫዋች ሲፈልግ የሚከፍለው ክለቡ ነው። እውነተኛ ወኪል ድርሻውን የሚያገኘው ልጁ ውል ፈርሞ መሥራት ከጀመረ በኋላ ነው እንጂ ከአያት በሬ አይደለም። ዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን፣ ፊባ፣ ለወኪሎች ፈቃድ ይሰጣል፤ ባለፈቃዶቹን በስም ዘርዝሮ ያሳያል። ስሙ እዚያ ከሌለ ወኪል ሳይሆን ደላላ ነው። ሌላም አለ። የፊባ ሕግ አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላውን ልጅ ከአገር ወደ አገር ማዛወርን ይከለክላል፤ የሚፈቀደው በጥቂት ልዩ ምክንያቶች፣ ለምሳሌ ወላጆቹ በሌላ ምክንያት አገር ከቀየሩ ወይም ልጁ በእርግጥ ለትምህርት ከሄደ ነው። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ “በአንድ ወር ቡድን አስገባዋለሁ” የሚል ሰው ወይ ሕጉን አያውቅም፣ ወይ ልጁን የሚወስደው ወደ ኳስ ሜዳ አይደለም። ወደ ሱዳንና ወደ ሊቢያ በረሃ የወጡ ልጆቻችን ሲወጡ የተነገራቸው ወሬም ደስ የሚል ነበር።

ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ትምህርቱን አቋርጦ ለመሄድ መፈለጉ ነው። አፍሪካውያን ተጫዋቾች ወደ ላይ የወጡበት ትልቁ በር የአሜሪካ ኮሌጅ ነው። ያ በር የሁለተኛ ደረጃ ትራንስክሪፕት፣ የሒሳብና የሳይንስ ውጤት፣ እንግሊዝኛ ይጠይቃል። ካሜሩናዊው ፓስካል ሲያካም ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ቄስ እንዲሆን ፈልጎ የካቶሊክ ሴሚናሪ አስገብቶት ነበር። ከእኛ የቆሎ ተማሪ ብዙ አይለይም፤ ዲሲፕሊኑን ያገኘው እዚያ ነው። ኳሱን የምር የያዘው ዘግይቶ ነው፤ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ተማረ፣ በ2016 በ27ኛነት ተመረጠ፣ በ2019 ከቶሮንቶ ጋር የኤንቢኤ ዋንጫ አነሳ። ግን ወላጆች ይህንንም ስሙት፦ በ2014 አባቱ በመኪና አደጋ ሲሞቱ ለቀብር አልሄደም። ከወጣ ቪዛው ተበላሽቶ ላይመለስ ይችላል ተብሎ ተፈርቶ፣ እዚያው አሜሪካ ሆኖ አለቀሰ። “ልጄ ውጭ አገር ይጫወታል” ከሚለው ቃል ኋላ እንዲህ ያለ ሌሊት እንዳለ ማወቅ ጥሩ ነው።

አሁን ወደማውቀው ወደ ሙያዬ ልግባ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ “ምን ላብላው ይርዘም?” ብሎ ነው። ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የማስረዘሚያ ምግብ የለም። ቁመት ከእናትና ከአባት ይወረሳል፤ ግምት ማወቅ የፈለገ የአባትንና የእናትን ቁመት በሴንቲ ሜትር ይደምር፣ ለወንድ ልጅ 13 ይጨምር፣ ለሴት ልጅ 13 ይቀንስ፣ ለሁለት ያካፍል። አባት 172፣ እናት 160 ቢሆኑ ወንዱ ልጅ 172 ተኩል አካባቢ ይሆናል፤ ወደ ላይም ወደ ታችም እስከ አሥር ሴንቲ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። የኤንቢኤ ተጫዋች አማካይ ቁመት ወደ 2 ሜትር ነው። አንድ ሜትር ከስልሳ ሆኖ አሥራ አራት ዓመት የተጫወተ መግሲ ቦግስ የሚባል ሰው ነበረ፤ ግን የሱን ስም ሁሉም የሚያነሳው ሌላ የሚጠራ ስላልተገኘ ነው።

ከውርስ ቀጥሎ ቁመትን የሚወስነው ከፅንስ እስከ ሁለተኛ ዓመት ልደት ያለው ጊዜ ነው። አያቶች፣ እዚህ ላይ ሥራው የእናንተ ነው። በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ከመቶው 41 ያህሉ የቀነጨሩ ነበሩ፤ የአገሪቱ አማካይ 37 ነው። ፎገራ ላይ ሩዝ፣ ፋርጣ ላይ ድንችና ገብስ፣ በየጓሮው ዶሮ ባለበት ምድር ማለት ነው። ዕንቁላሉ ወደ ገበያ ይሄዳል፤ ሕፃኑ በአጥሚት ይሞላል። ስድስት ወር የሞላው ሕፃን ከጡት ወተት ጋር ወፈር ያለ ገንፎ፣ በውስጡ የባቄላ ወይም የሽምብራ ዱቄት፣ ቅቤ ወይም ዘይት፣ ሲገኝ ዕንቁላል ያስፈልገዋል። የጾም ወራት ለሕፃን እንዳልታዘዙ ቄሱም ይነግሯችኋል። ትልቁ ልጅ ደግሞ ስፖርት የሚሠራ ከሆነ ቆሎ ይዞ ይውጣ፣ ሽሮውን በደንብ ይብላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ያህል ይተኛ። ደብረ ታቦር ተከራይቶ የሚኖር ተማሪ የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ፕሮቲን ሳይሆን ቁርስ ነው።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ልብ ነው። ፍሎ ሃይማን የምትባል አሜሪካዊት መረብ ኳስ ተጫዋች ነበረች፤ ቁመቷ 1 ሜትር ከ96፣ በ1984 ኦሎምፒክ የብር ሜዳሊያ ያገኘች። በ1986 ጃፓን ውስጥ ጨዋታ ላይ ተቀይራ ወጥታ ከተቀመጠችበት ወደቀችና ሞተች፤ 31 ዓመቷ ነበር። አስከሬኗ ሲመረመር ማርፋን የሚባል የዘር ሕመም እንደነበረባትና ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር እንደተቀደደ ታወቀ። በሕይወቷ ሳለች ማንም አላወቀም። ኦሞት በተማረበት በቤይለር ከእሱ በፊት የተጫወተው አይዛያ ኦስቲን ግን በ2014፣ የኤንቢኤ ምርጫ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በምርመራ ተገኘበት። ሕልሙ በአንድ ቀን ቆመ፤ ሕይወቱ ግን ተረፈ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሐኪሞች ፈቅደውለት በሌሎች አገሮች ተጫውቷል።

ማርፋን የሚገኘው ከአምስት ሺህ ሰው በአንዱ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ረጅም ልጅ ሁሉ በሽተኛ ነው ብላችሁ አትደንግጡ። ግን ልጃችሁ ረጅምና በጣም ቀጭን ከሆነ፣ እጆቹን ግራና ቀኝ ሲዘረጋ ስፋቱ ከቁመቱ በግልጽ የሚበልጥ ከሆነ፣ አውራ ጣቱን መዳፉ ውስጥ አስገብቶ ሲጨብጥ የአውራ ጣቱ ጥፍር በሙሉ በወዲያኛው ጎን ብቅ ካለ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ የገባ ወይም ወደ ውጭ የወጣ ከሆነ፣ ዓይኑ ሩቅ የማያይ ከሆነ፣ በተለይም ከዘመድ በወጣትነቱ ድንገት የሞተ ካለ፣ ኳሱን ከመቀጠሉ በፊት ሐኪም ይየው። የልብ አልትራሳውንድ የሚሠራበት ሆስፒታል ይላክ ዘንድ ጠይቁ።

በእኛ አገር ከማርፋን እጅግ የሚበዛው ግን ሌላ ነው፤ ሩማቲክ የልብ ሕመም። ልጁ ጉሮሮውን ይታመማል፤ ትኩሳት አለው፤ ሲውጥ ያመዋል። ቤተሰቡ “እንጥሉ ወርዷል” ይልና እንጥል ቆራጭ ጋ ይወስደዋል። እንጥሉን መቁረጥ ጉሮሮ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ አይነካውም፤ ደም ያስፈስሳል፣ ሌላ ኢንፌክሽንም ያመጣል። ተገቢው ሕክምና በፔኒሲሊን ወገን ያለ መድኃኒት ነው፤ በጤና ጣቢያ የሚገኝ ርካሽ ነገር። ካልታከመ በአንዳንዱ ልጅ ላይ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ያብጣል፤ እብጠቱ ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው ይዘዋወራል፤ እሱ ሲለቅ የልብን በሮች ያበላሻል። ዓመታት አልፈው፣ ቁመቱ ሲመዘዝ፣ ሜዳ ላይ ሲሮጥ ከእኩዮቹ ቀድሞ ትንፋሽ ያጥረዋል። “ሰነፍ ነው” ይሉታል። በአገልግሎት ዘመኔ “ሰነፍ” ተብለው መጥተው ልባቸው ያበጠ ልጆች አይቻለሁ። የታወቀበት ልጅ መርፌውን በየአራት ሳምንቱ ለዓመታት መወጋት አለበት፤ ቀጠሮው ከአጨዳ ጋር ቢጋጭም አይታለፍም።

ጉልበት ላይ ረጅም አልናገርም። ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ዓመት ያለ ልጅ ቶሎ ሲያድግ ከጉልበቱ ሎሚ በታች ያለው አጥንት ያብጥና ሲነኩት ያመዋል። ብዙውን ጊዜ ዝላይ ሲቀንስለትና ሲያርፍ ይሻለዋል። ቁርጭምጭሚቱ ከታጠፈ ቀዝቃዛ ውኃ የነካ ጨርቅ ይጠቅለልለት፣ እግሩን ከፍ አድርጎ ይተኛ፤ ረግጦ አራት እርምጃ መሄድ ካልቻለ ወደ ራጅ እንጂ ወደ ወጌሻ አይወሰድ። የተሰበረ አጥንት ታሽቶ ሲመጣ ማቃናቱ ለሐኪሙም ከባድ ነው።

እስካሁን “ልጁ፣ ልጁ” ስል ሴቶቹን የረሳሁ እንዳይመስላችሁ። በእኛ ደጋ ወንድ ልጅ ሲረዝም “ወታደር ይሆናል” ይባላል፤ ሴት ልጅ ስትረዝም “ደርሳለች” ይባላል። ሴቶች ከወንዶች ሁለት ዓመት ያህል ቀድመው ነው የሚመዘዙት፤ በአሥራ ሁለት በአሥራ ሦስት ዓመቷ ከእናቷ ትከሻ በላይ ትሆናለች። አጥንቷ ግን አልጠናም፤ ዳሌዋ ለወሊድ አልተዘጋጀም። ቁመቷን አይቶ ሽማግሌ የሚልክ ሰው ዕድሜዋን አልጠየቀም። ሕጉ አሥራ ስምንት ይላል። የቅርጫት ኳስ ቡድን ውስጥ ያለች ረጅም ልጅ ግን ቁመቷ ሌላ ትርጉም ያገኛል፤ አሰልጣኝ ያውቃታል፣ ጓደኞቿ ይጠብቋታል፣ ከትምህርት ቤት ብትጠፋ በማግስቱ “የት ሄደች?” የሚል ሰው አለ። ፕሮፌሽናል ባትሆንም ይህ ብቻ ይበቃኛል።

አሰልጣኞችም የሴቶች ጉልበት ውስጥ ያለው ጅማት ከወንዶቹ በላቀ ቁጥር እንደሚበጠስ ይወቁ፤ ከዝላይ ሲወርዱ ጉልበታቸውን አጠፍ አድርገው፣ ወደ ውስጥ ሳይታጠፍ እንዲያርፉ ያስተምሯቸው። ጥብቅ ያለ ጫማም ያስፈልጋል፤ በነጠላ ጫማ አይዘለልም። ለወላጆች ደግሞ ጥያቄ አለኝ፦ ልምምዱ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከሆነ፣ በእነዚያ ቀናት ውኃ የሚቀዳው ማነው? ጀሪካኑን ለወንድሙ መስጠት ይቻላል፤ እሱም ትከሻው ይጠነክርለታል።